ከመስኮቱ በስተ ኋላ ያሉት

ሰው ታሞ በዳነ ጊዜ ምስጋናውን ለማን ለማን እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ ሐኪሙን ይመርቃል፤ ከዚያም ሌሊት እየተነሣች መድኃኒት ያዋጠችውን፥ ቍስሉን ያጠበችውን ነርስ ያነሣል። ከባላገር የመጣ እንደ ሆነም ከወር በኋላ ማር በቅል፥ ዕንቍላል በእንቅብ አስይዞ መመለሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙን መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያሰፈረችውን የካርድ ክፍል ሠራተኛና ገንዘቡን ቈጥሮ ደረሰኝ የሰጠውን ገንዘብ ተቀባይ ግን የሚያስታውሳቸው ከብዙ አንድ ነው። እንዲያውም እነዚህ ሰዎች የሚነሡት ለወቀሳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። «ካርድ ክፍል አጕላላን» ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ «ካርዴን ፈጥነው አገኙልኝ» ብሎ የሚያወራ ግን እምብዛም የለም።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነርሱ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ይህንንም የምናደርገው እንዲያው ለማሞገስ አይደለም፤ በእነዚህ ሁለት መስኮቶች የሚከናወነው ሥራ ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆኑን፥ እዚያም የተሳተ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቍጥር ወደ ውስጥ ገብቶ ብርቱ ጕዳት ሊያደርስ እንደሚችል ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጡ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ጥቂት ነው። ሕመምተኛው የሚያየው መስኮቱን፥ በመስኮቱም ውስጥ አጎንብሶ የሚጽፍ አንድ ራስ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ከወለል እስከ ጣራ የሚደርሱ መደርደሪያዎች፥ በመደርደሪያዎቹም ላይ በቍጥር ተራ የቆሙ የወረቀት ማኅደሮች አሉ። እያንዳንዱ ማኅደር የአንድ ሰው የሕመም ታሪክ ነው። መቼ እንደ ታመመ፥ ምን እንደ ተሰጠው፥ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው ተጽፎበታል። አዲስ ሕመምተኛ ሲመጣ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ፥ ዕድሜው፥ መኖሪያ ቀበሌው ተጠይቆ በመዝገብ ይጻፍና አንድ ቍጥር ይሰጠዋል። ያ ቍጥር በዚያ ሆስፒታል ዕድሜ ልኩን የእርሱ ነው። ቍጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀትም በእጁ ትሰጠዋለች፤ በሚመለስበት ቀን እርሷን ያመጣ እንደ ሆነ ማኅደሩ በጥቂት ደቂቃ ይወጣለታል። ያላመጣ እንደ ሆነ ግን በስም ይፈለጋል፤ መከራው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ማኅደሩ ከመደርደሪያው በወጣ ጊዜ በቦታው «ትሬሰር» የሚሏት ካርቶን ትገባለች። በእርሷም ላይ ማኅደሩ በስንት ቀን ወደ የትኛው ክፍል እንደ ሄደ ይጻፋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ አንድ ሕመምተኛ በአንድ ሆስፒታል አንድ ማኅደርና አንድ ቍጥር ብቻ እንዲኖረው ያስፈልጋል ካለ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ እየተስፋፋ ሄዷል። ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በቀን ብዙ መቶ ማኅደሮች በሚወጡበትና በሚገቡበት ስፍራ ግን አንዲት ካርቶን ሳይጻፍባት መቅረቷ አንድን ሰው ታሪክ አልባ ታደርገዋለች።

ይህን ለመረዳት አንድ ሰኞ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተፈቅዶልኝ ከመስኮቱ በስተ ውስጥ ተቀምጬ ዋልሁ። ሰኞን የመረጥሁት ሠራተኞቹ ከሁሉ የከፋ ቀን እርሱ ነው ስላሉኝ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ በየቤቱ የሰነበተ ሕመም ሁሉ ሰኞ ይመጣልና። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሕዝቡ ጋቢውንና ነጠላውን ተከናንቦ በአጥሩ ሥር ተራ ይዟል። መስኮቱ በ2 ሰዓት ሲከፈት ከመስኮቱ በስተ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ይጽፋሉ፥ ሁለቱ መሰላል እየወጡ ያወርዳሉ። የአሮጌ ወረቀት አቧራ ጕረሮ ይከረክራል። እስከ 4 ሰዓት ድረስ ከመካከላቸው ውሃ የጠጣ አላየሁም።

ክፍሉን የሚመሩት ወይዘሮ ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ የቆዩ ናቸው። «የዚህ ሥራ ክብደቱ ስም ላይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በብዙ አገሮች ትውልድን የሚያያይዝ የቤተ ሰብ ስም አለ፤ በእኛ አገር ግን ሰው ሁሉ የራሱን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ አባትና ልጅ እንኳ በመዝገብ ላይ አይገናኙም። አንዱን አበበ ከበደ በመዝገብ የፈለገ ሰው ሌሎችን አበበ ከበደዎች ቈጥሮ አይጨርስም። ስለዚህ አያት ይጠየቃል። አያቱ የገጠመ እንደ ሆነ ቀበሌና ዕድሜ ይጠየቃል፤ ያም ካልለየ የእናት ስም ይጠየቃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይቈጣል። «እኔ የመጣሁት ለሆዴ ነው፤ እናቴን ምን አደረጋችኋት?» ያለ ጐልማሳ በፊቴ ነበር፤ ወይዘሮዋም ሳይቈጡ «ልጄ፥ እንዳንተ የሚጠራ ሌላ ሰው ስላለን ነው፤ የእርሱን መድኃኒት ለአንተ እንዳንሰጥህ» ብለው መለሱለት። ዝም ብሎ የእናቱን ስም ተናገረ።

የፊደላችን ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ በብዙኃኑ ኀ፥ ሌላው በሐመሩ ሐ፥ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። «ሠናይት» በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ፥ «ዓለሙ» በዐይኑ ዐ ወይም በአልፋው አ ሊጻፍ ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን በአንደበቱ ስለማይለያቸው ጸሐፊው የለመደውን ይጽፋል፤ መዝገቡ በፊደል ተራ የተዘጋጀ እንደ ሆነ ግን በሐመሩ የተመዘገበው ሰው በሃሌታው ሲፈለግ የለም ይባላል። እኔ አፌን የፈታሁት በትግርኛ በመሆኑ ሐመሩ ሐና ሃሌታው ሀ፥ ዐይኑ ዐና አልፋው አ በጆሮዬ ፈጽሞ ልዩ ልዩ ድምፆች ናቸው፤ በጸሎቱ ጸና በፀሐዩ ፀ መካከል ግን እኛም ብንሆን የምንሰማው ልዩነት የለም። በትግራይ የሚበዛው ሰው በፀሐዩ ፀ ሲጽፍ በኤርትራ ያሉት በጸሎቱ ጸ ይጽፋሉ። እንግዲህ ፀሓይቱ የምትባል አንዲት ሴት ከሁለቱ በአንዱ ፊደል ተመዝግባ በሌላው ብትፈለግ፥ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ይህን ሁሉ በልቧ ካላወቀች በቀር አትገኝም።

በዚሁ ላይ የትግርኛ የሴት ስሞች ብዙዎቹ «ለተ» በሚል ይጀምራሉ፤ ለተብርሃን፥ ለተኪዳን እንደሚባለው ነው። ቃሉ የግዕዙ «ወለተ» ልጅ ነው። ቅን ልብ ያለው ጸሐፊ ስሙ የተሳሳተ መስሎት «ወለተ ብርሃን» ብሎ ያቃናዋል፤ በዚህም ምክንያት ሴትዮዋ በለ ተራ ስትፈለግ በወ ተራ ተቀምጣ ትቀራለች። ጥምር ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ገብረ መድኅን የሚባለው ሰው ስሙ በሁለት ተከፍሎ «ገብረ» ለእርሱ፥ «መድኅን» ለአባቱ ይሰጥና እውነተኛው አባቱ አያቱ ይሆናል። ይህ ነገር ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ እየባሰ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም፤ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት ስፍራ «ፀሐይ» የሚለው ስም በ«ቲ» ይጀምር ወይም በ«ኤስ» የሚወስነው በዚያ ቀን መክተቢያው አጠገብ የተቀመጠው ሠራተኛ ነውና።

የክርስትና ስምም አለ። በሰፈር አስቴር የምትባለዋ ሴት በጸበሉ ስፍራ ወለተ ጊዮርጊስ ናት፤ ታማ ስትጨነቅ በየትኛው ስም እንደምትጠራ ራሷም አትወስንም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የነካው የሕፃናቱ ነገር ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዐት ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ በእስላሞችም ዘንድ ስም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን ነው። ሕፃን ግን ስም እስኪወጣለት ድረስ ጤነኛ እሆናለሁ ብሎ ውል አልገባም። በሦስተኛ ቀኑ ቢጫ ሆኖ የተመለሰ ጨቅላ በመዝገብ ላይ ስሙ «የእገሊት ሕፃን» ይባላል፤ መንታ እንደ ሆኑም «አንደኛ»ና «ሁለተኛ» ተብለው ይለያሉ። ከሁለቱ አንዱ መርፌ የሚያስፈልገው፥ ሌላው የማያስፈልገው ቢሆን፥ «አንደኛ»ና «ሁለተኛ» የሚሉት ሁለት ቃላት ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው አስቡት። ወይዘሮዋ በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር አላቸው፤ የእናቲቱን ቍጥርና የሕፃኑን ቍጥር በሁለቱም ማኅደሮች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋሉ። መመሪያ ያዘዛቸው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «መመሪያስ ምን ያውቃል» ብለው ሣቁ።

ዕድሜን መጠየቅ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። የልደት ምዝገባ በደንብ ባልተስፋፋበት ዘመን የተወለደው ሰው ዕድሜውን የሚያውቀው በዘመኑ በሆነው ነገር ነው። አንድ ገበሬ «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የበግ እረኛ ነበርሁ» አለ። ልጅቱ ሳትዘገይ «እረኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይሆነዋል፤ የተወለዱት በ1969 ወይም በ1970 ነው፤ አባቴ፥ ልክ ነኝ?» አለችው። እርሱም እንዲህ ያለ ሒሳብ የምታውቅ ልጅ ማየቱ ደስ ብሎት ለጎረቤቱ ነገረው። ለዐዋቂ ሰው አንድና ሁለት ዓመት ቢሳት ብዙ ጕዳት የለውም፤ ለሕፃን ግን ወሩ እንኳ መታወቅ ያስፈልገዋል።

እነዚህን ሁሉ በዝርዝር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህ ነገር በማኅደሩ ላይ ተጽፎለታል፤ ማኅደሩ ሳይገኝ ቀርቶ አዲስ ካርድ የወጣለት እንደ ሆነ ግን አዲሱ ካርድ ባዶ ነው፤ ሐኪሙም ባዶውን አይቶ ያዝዛል። ነፍሱን የምትጠብቅለት ሐኪሙ ሳይሆን መሰላሉ ላይ ወጥታ አሮጌውን ማኅደር የምትፈልገው ልጅ ናት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በሁለተኛው ወር ተሻለኝ ብሎ የቀረውን ሕመምተኛ ፈልጎ ለማምጣት የሚቻለው ስልኩና ቀበሌው በመጀመሪያው ቀን በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ካልተገኘ በሽታው በመድኃኒቱ ላይ በርትቶ ይመለስና ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይሻገራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መስኮት እንሻገር። በገንዘብ መቀበያው የሚቀመጥ ሠራተኛ ወንበሩ ከካርድ ክፍሉ የባሰ እሾህ አለበት፤ ሕዝቡ ለሕመሙ የሚያዝንለትን ሰው ሲፈልግ ገንዘብ የሚጠይቀውን ሰው ያገኛልና። አስቀድሞ ግን ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይገባል። የጤና አገልግሎት የገንዘብ ስልት በ1990 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ፥ ቀድሞ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ የነበረውን ገቢ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየጊዜው በወጡት ሕጎች መሠረት ለመድኃኒት፥ ለመሣሪያና ለሕንፃ ጥገና እንዲያውሉት ተፈቅዷል። በመስኮቱ የሚከፈለው ብር እንግዲህ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ጓንትና ግሉኮስ ይሆናል ማለት ነው።

ሥራው ግን ገንዘብ መቍጠር ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፥ የሕፃናት ክትባት፥ የእርጉዞች ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ድርጅቶች ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ችግረኛ መሆኑ በአካባቢው አስተዳደር የተረጋገጠለት ሰው በነፃ ይታከማል። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በደቡብና በትግራይ በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ በታመመ ጊዜ ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል፤ ሆኖም ከጤና ጣቢያው የተላከበትን ወረቀት መያዝ አለበት። ድንገተኛ አደጋ የደረሰበት ደግሞ ክፍያ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል። ገንዘብ ተቀባዩ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ፥ ከመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በአንድ ደቂቃ መለየት አለበት።

በዚያው ሰኞ ከቀትር በኋላ ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄጄ ከወጣቱ ገንዘብ ተቀባይ አጠገብ ተቀመጥሁ። አንድ ሽማግሌ ሚስታቸውን በትከሻቸው ደግፈው ቀረቡ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈተው የታጠፈ ብር አወጡና «ስንት ነው ልጄ?» አሉ። የተጠየቀው የላቦራቶሪና የራጅ ዋጋ ነበር። ብሩ በቂ ነበር፤ ተቀብሎ ደረሰኝ ቢቈርጥላቸው ማንም አይከሰውም ነበር። እርሱ ግን ብሩን ሳይነካ «አባቴ፥ የጤና መድን መታወቂያ አለዎት?» አለ። በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ ከደረታቸው ወጣ፤ ዓመቱም አላለፈም። «ከጤና ጣቢያ ሲላኩስ ወረቀት አልሰጥዎትም?» «ወረቀትስ ሰጥተውኝ ነበር፤ የመድኃኒት መስሎኝ ቋጥሬዋለሁ» አሉ። ከብሩ ጋር ከተቋጠሩት ሦስት ወረቀቶች አንዱ የመላኪያው ወረቀት ነበር። ብሩ ተመልሶ በጋቢው ጫፍ ተቋጠረ። የአንድ በግ ዋጋ ያህል ነበር። ሽማግሌው ሄደው እስኪሰወሩ ድረስ ከበስተ ኋላቸው የቆመው ሰው «ምን ያዘገየናል!» እያለ መስኮቱን በሳንቲም ይመታ ነበር።

ወጣቱ በቀን የተቀበለው ገንዘብ ሞዴል 64 ከሚባለው ደረሰኝ ጋር ሳንቲም ሳይጐድል መግጠም አለበት። የጐደለ እንደ ሆነ ከደመወዙ ይተካል፤ ሐሰተኛ ብር የተቀበለ እንደ ሆነም እንዲሁ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በስልክ የሚከፍሉ ሰዎች በመኖራቸው ጭንቀቱ ጥቂት እንደ ቀለለለት ነገረኝ፤ ባላገሮቹ ግን አሁንም የሚያመጡት የተቋጠረ ብር ነው። ለመሆኑ በጣም የሚከብድህ ምንድር ነው ብዬ ብጠይቀው የጠበቅሁትን አልመለሰልኝም። «የሞተ ሰው ሒሳብ መቀበል» አለኝ። ሬሳውን ሊወስዱ የመጡት ዘመዶች የአልጋውንና የመድኃኒቱን ቀሪ ሒሳብ የሚከፍሉት በዚሁ መስኮት ነው። በዚያን ጊዜ ምን እንደሚላቸው ብጠይቀው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ዝርዝሩን ግን ጮክ ብዬ አላነብም» አለ።

ይህን ስንል በዚህ ሥራ ላይ የተቀመጡት ሁሉ መላእክት ናቸው ማለታችን አይደለም። ለሚያውቀው ሰው በጓሮ በር ካርድ የሚያወጣ፥ ባላገሩን የሚያንጓጥጥ፥ ወረፋው እየረዘመ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለው ሰው ስለሚቀጣበት ሕግ መነጋገር ይገባል። ነገር ግን የቍጣው ግማሽ የሚወለደው ከሕንፃው ነው ብል አላጋነንሁም። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮቶችን እንደዚያ ዝቅ አድርጎ በመስታወት የዘጋቸው፥ አንዲት የእጅ መግቢያ ቀዳዳ ብቻ የተወላቸው ማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። የታመመ ሰው ጐንበስ ብሎ በዚያ ቀዳዳ ስሙን ይናገራል፤ ከውስጥ ያለው አይሰማውም፤ «ምን አልህ?» ይለዋል፤ እርሱም የተቈጡት ይመስለዋል፤ ይጮኻል፤ ያኛውም ይጮኻል። መስኮቱን አንድ ክንድ ከፍ ማድረግና መስታወቱን መክፈት ከብዙ የሥነ ምግባር ንግግር ይሻላል።

ወይዘሮዋንና ባልደረቦቻቸውን ምን ይደረግላችሁ ብዬ ብጠይቃቸው ምስጋና የፈለገ አልነበረም። አንዷ የማይወዛወዝ መሰላል፥ ሌላዋ ለአቧራው የአፍ መሸፈኛና ከበስተ ኋላ ባለው መደርደሪያ ላይ አምፑል ጠየቁ። ወይዘሮዋ ደግሞ ስለ ቤተ ሰቦች የሚናገሩት ነበራቸው፤ ይህን ጋዜጣ በየቤታቸው ለሚያነቡት እናቶችና አባቶች እንዳደርስላቸው ስለ ነገሩኝ እንዳሉት አቀርበዋለሁ። «የካርድ ወረቀታቸውን ከመታወቂያቸው ጋር ያኑሩት እንጂ በሳጥን ውስጥ አይጣሉት። ልጆቻቸውን የአያታቸውን ስም ያስተምሩልን፤ ልጅ ብቻውን ታሞ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚያስቸግረን እርሱ ነው። አንድ ስም በቤት ውስጥ በአንድ ፊደል ብቻ ይጻፍ፤ ባልና ሚስት የልጃቸውን ስም በሁለት ፊደል ሲጽፉ አይቻለሁ። የጤና መድኑን መዋጮ ጊዜው ሳያልፍ ይክፈሉ፤ ታሞ ወደ ቀበሌ የሚሮጥ አለ። ቀጠሮአቸው ያለፈ እንደ ሆነም አፍረው አዲስ ካርድ አያውጡ፤ እኛ አንቈጣም።» ከዚያ ቆም ብለው «ጥቂት እንቈጣ ይሆናል፤ ግን ያውጡት አሮጌውን» አሉ።

ዛሬ ብዙ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር እያስገቡ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህም ፋይዳ የሚባለው 12 አኃዝ ያለው ቍጥር ለብዙ ሕዝብ እየተሰጠ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ቍጥር ካለ የፊደሉ ጣጣ ይቀራል የሚሉ አሉ፤ እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ይሁን እንጂ በዚያው ሰኞ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም ጨለመ። ልጅቱ ምንም ሳትደነግጥ ከመሳቢያዋ ትልቁን መዝገብ አውጥታ፥ መስመር በማስመሪያ አስምራ፥ ከቆመችበት ስም ቀጠለች። መብራቱ በ10 ሰዓት ሲመለስ በመዝገቡ የጻፈችውን ሁሉ እንደ ገና ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ግዴታዋ ሆነ።

ሕዝቡ ሄዶ ግቢው ጭር ሲል የካርድ ክፍሉ ሥራ ገና ነው። ከየክፍሉ የተመለሱት ማኅደሮች በቅርጫት ተጭነው ይመጣሉ፤ ወረቀታቸው ተስተካክሎ ትሬሰሩ እየወጣ እነርሱ ይገባሉ። በዚያ ምሽት ሦስት ጐደሉ። አንደኛው በቀዶ ሕክምና ክፍል መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ሁለተኛውን አንድ ሐኪም ሊያጠናው ወስዶት ነበር። ሦስተኛው ግን ተመልሷል ተብሎ ከነፊርማው ተጽፏል፤ በቦታው ላይ የለም። ባለቤቲቱ በማግስቱ የጡት ካንሰር ሕክምና ቀጠሮ ያላት ሴት ናት። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው ቍጥሩን ጥቂት ተመለከቱትና «6ቱን 9 ብለን እንፈልገው» አሉ። ልጅቱ መሰላሉን ወደ ወዲያኛው መደርደሪያ ገፋች። ከአቧራው ውስጥ አወረደችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችውና በነገው ቀጠሮ ሣጥን ውስጥ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው። ሰዓቱ 12 ከሩብ ነበር፤ የሠራተኞች አውቶቡስ ሄዶ ስለ ነበር ሁለቱም እስከ ታክሲው ድረስ በእግር ወረዱ።